የዋሴ ተረተር

ፈንታሁን ማለዳ ከሣር ጎጆው ሲወጣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መፋቂያውን መሳል ነበር። ከወንዝ ዳር ያመጣትን ለስላሳ ድንጋይ በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይይዝና ከመዳፍ የማይሰፋውን ስለት ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ የብረቱ ድምፅ በየጎጆው ከሚነሱት ሰዎች ሳልና ከእንጨት ፈለጣው ጋር ተቀላቅሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ ለሠራተኛው ምግብ ከሚያበስሉት ከእትዬ እንጉዳይ እጅ አንድ የማሽላ ቂጣና አንድ ጣሳ ሻይ ይቀበላል፤ ጀሪካኑን ይሞላል፤ ቅርጫቱን አንግቶ ፀሐይ ሳትበረታ ተረተሩን ይወጣል።

ሥራው ከጉልበት ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነበር። የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት ከላዩ እየተላጠ በነፋስ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ልጣጭ ሥር ያለውን አረንጓዴ ቆዳ በመፋቂያው ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ገለጥ አድርጎ፣ ነጭ ወተቱ ጠብ ጠብ ሲል አይቶ ወደሚቀጥለው ዛፍ መሄድ ነው። ከጊዜ በኋላ ሲመለሱ ወተቱ ደርቆ፣ እንደ ብርሌ ስባሪ ጠንክሮ ይገኛል፤ እሱን ለቅሞ ቁስሉን ትንሽ ሰፋ አድርጎ እንደገና መፋቅ። ሽታው መጀመሪያ ሰሞን ለፈንታሁን ደስ ይለው ነበር፤ ሎሚ ሎሚ፣ ጥድ ጥድ የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ ዝናብ ያረጠበው ድንጋይ የሚመስል ሽታ። እየሰነበተ ሲሄድ ግን ካፍንጫው አልወጣ አለው። ቂጣው ዕጣን ይሸታል፣ ውሃው ዕጣን ይሸታል፣ ክንዱን ተንተርሶ ሲጋደም ክንዱ ራሱ ዕጣን ይሸታል።

ወደዚህ ቆላ ያመጣው ዋሴ ነው። በለሳ ውስጥ በአንድ መንደር ያደጉ፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ሚዜ የሆነ፣ በየፊናቸው ያላቸውን አንዳንድ በሬ አቀናጅተው የሚያርሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ዋሴ አምና እዚሁ ዕጣን ሲፍቅ ከርሞ ክረምቱን ሙሉ ታሞ ተኛ። ማንም ያልገባው በሽታ ነበር፤ ሥጋው አለቀ፣ ቆዳው እየተላጠ መኝታው ላይ ይረግፍ ጀመር፣ ቀትር ላይ ደግሞ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ፈንታሁን የዋሴን ማሳ አርሶለት፣ አርሞለት፣ ማታ ማታም አጠገቡ እየተቀመጠ አጫወተው። በጥቅምት ወር በረዶ የሁለቱንም እህል ሲያወድመው ግን ዋሴ ምርኩዝ ይዞ ተነሥቶ መጣና «አብረን ቆላ እንውረድ» አለው። የፈንታሁን ሚስት ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ፈንታሁን እሷን ጥሎ መሄዱ ቢያስጨንቀውም እሷ ግን «ዋሴ አብሮህ እያለ እኔ አልሰጋም» አለችው።

በዕጣን ሰፈሩ ልማድ አንድ ተረተር የሚጠራው አምና በፋቀው ሰው ስም ነበር። በደረሱበት ቀን ካቦው አስረስ ሥራ ሲያከፋፍል ዋሴ ጣልቃ ገባ።

«የኔን ተረተር ፈንታሁን ይያዘው» አለ። «የተለመደ ዛፍ ስለሆነ ቶሎ ይሰጣል። እኔ የማዶውን አዲሱን እከፍታለሁ።»

 ካቦው ፈንታሁንን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «እሱ ራሱ ፈቅዷል?» ሲል ጠየቀ።

«ምን ብዬ አልፈቅድም?» አለ ፈንታሁን። ጓደኛው ከበሽታው ሳያገግም ቀላሉን ሥራ ለእሱ መተዉ ልቡን ነክቶት ነበር።

ወደ ጎጆአቸው ሲመለሱ ዋሴ ክንዱን በትከሻው ላይ ጣል አደረገበት። «አንድ ነገር ልንገርህ። እዚያ ላይ ስትሆን ዋሴ እያሉ ነው የሚጠሩህ። ለምደውት ነው። ዝም ብለህ አቤት በል።»

«አንተንስ ማን ሊሉህ ነው?»

«እኔማ ማዶ ፈንታሁን እባላለኋ!» አለና ሳቀ። ፈንታሁንም አብሮ ሳቀ።

በዚያ ቆላ ሌሊቱ አያስፈራም። ሌሊት ጅቡም ይጮኻል፣ እሳቱም ይነዳል፣ ሰውም ይጫወታል። የሚያስፈራው ቀትር ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ጥላ ሁሉ ተሰብስቦ ከእግር ሥር ይገባል፤ አእዋፍ ድምፃቸውን ይሰበስባሉ፤ ተረተሩ ከላይ እስከ ታች በነጭ ብርሃን ተለብጦ ሰው ዓይኑን ለመግለጥ እስኪቸገር ድረስ ይንቦገቦጋል። ነፋስ በማይነፍስበት በዚያ ሰዓት የዛፎቹ ልጣጭ ብቻውን ሲንኮሻኮሽ ፈንታሁን ብዙ ጊዜ እጁን ከሥራ አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ሙቀቱ ነው የሚያንኮሻኩሸው ይላል ለራሱ። በእንዲህ ያለ ቀትር ነው መጀመሪያ የተጠራው።

«ዋሴ! ኧረ ዋሴ!»

ድምፁ ከታች ከሰፈሩ በኩል የመጣ የሴት ድምፅ ነበር፤ የእትዬ እንጉዳይ መሰለው። የተነገረው ትዝ አለውና እጁን ባፉ ዙሪያ አድርጎ «አቤት!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከማዶው ገደል ተላትሞ ተመለሰ። ምሳ ደርሶ ይሆናል ብሎ ወረደ።

እትዬ እንጉዳይ ሊጥ እያሹ ነበር።

«ጠሩኝ እንዴ እትዬ?»

«እኔ? አልጠራሁህም።»

«ዋሴ ብለው ሲጣሩ ሰምቼ አቤት ብዬ ነው የወረድኩ።»

እጃቸው ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለ። «ያንተ ስም ማን ነበር የኔ ልጅ?»

«ፈንታሁን።»

«ማን አወጣልህ?»

«እናቴ። ከእኔ በፊት የሞተባት ልጅ ነበር።»

እትዬ እንጉዳይ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ዳሱ ሥር ተጋድሞ የነበረው ካቦ አንገቱን ቀና አደረገ። ቃላቸውን ዋጡና ሊጣቸውን ማሸት ቀጠሉ። «ሰው በቀትር ሲጠራ፣ የጠራውን ፊት ሳያይ አቤት አይልም» አሉ ቀስ ብለው፣ ለሊጡ የሚናገሩ ይመስል።

ማታ ይህን ለዋሴ ሲነግረው ዋሴ «አሮጊቷ ድሮም እንዲህ ናት፤ ሙቀት ጭንቅላቷን መትቷታል» ብሎ አጣጣለው። ከዚያ የራሱን ቂጣ ጨርሶ የፈንታሁንን ግማሽ ተቀብሎ በላ። ከስንት ወር በኋላ እህል በፍላጎት ሲበላ ያየው የዚያን ቀን ነበርና ፈንታሁን በደስታ ሌላውንም ግማሽ ሰጠው።

በተረተሩ አናት ላይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ያረጀ ዛፍ ቆሟል። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ወደ ላይኛው ዛፎች የሚያደርሰው መንገድ በእሱ ሥር ስለሚያልፍ ፈንታሁን በየቀኑ ያየዋል። በፀሐይ መግቢያ በኩል፣ ከመሬት ጀምሮ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ሰፊ ቁስል አለው፤ አንድ ሰው በንዴት ወይም በስስት በመጥረቢያ የገባበት ይመስላል። እንዲህ የተቆረጠ ዛፍ መሞት ነበረበት። ይኼኛው ግን አልሞተም፤ ወተቱ በቁስሉ ዙሪያ ፈስሶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ደረቀ ማር ረግቶ፣ መሐሉ ላይ ሰው ተኝቶበት የተነሣ አልጋ የሚመስል ጎድጓዳ ሥፍራ ትቷል። ካቦው ያንን ዛፍ እንዳይነካው አስጠንቅቆታል። አልነካውም። አንድ ቀን ግን ፀሐይዋ ስትጠናበት፣ ተረተሩ ላይ ሌላ ጥላ ስላልነበረ፣ ጀርባውን ወደ ጎድጓዳው ሰጥቶ ዘመም አለ።

ውስጡ እንደ እንስራ ይቀዘቅዝ ነበር። ቀኝ ትከሻው ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ልክክ ብሎ ገባ። የግራው በኩል ግን ጎድጓዳው ወደ ታች ዝቅ ስለሚል ትከሻውን እንደ መጣል ማድረግ ነበረበት። ዓይኑን ጨፈነ። ከሄደበት እንቅልፍ የቀሰቀሰው «ዋሴ» የሚል ጥሪ ነበር፤ በዚህ ጊዜ የመጣው ከላይ፣ ሰው ከማይሠራበት ከተረተሩ ወዲያኛው ጎን ነው። እንቅልፍ ያልለቀቀው አፉ ሳያስበው «አቤት» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቀትር በደረሰ ቁጥር እግሩ እዚያ ይወስደው ጀመር። ለምን እንደሚሄድ ራሱን ሲጠይቅ ስለሚቀዘቅዝ ነው ይላል። ጥሪውም ቀረ ብሎ አያውቅም። ከላይኛው ጎን የነበረው ከጥቂት ቀን በኋላ ከጎረቤት ዛፎች መሐል መጣ፤ ቀጥሎ ድንጋይ ተወርውሮ ከሚደርስበት ሥፍራ፤ ቀጥሎ ልክ ከመንገዱ። ሴት ይሁን ወንድ መለየት አልቻለም። የሚጣራው በቁጣ አልነበረም፤ የራበው ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ እህል የሚያመጣለትን እንደሚጣራ፣ በትዕግሥትና በእርግጠኝነት ነበር። አንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ዙሪያውን ቢመለከት የተላጡ ግንዶች በብርሃኑ ውስጥ ተሰልፈው ከመቆማቸው በቀር ያየው የለም፤ ዓይኑን ሲመልስ ግን ከግንዶቹ አንዷ ክንድ እንዳላትና ክንዷን ቀስ አድርጋ እንደሰበሰበች መሰለው።

ሰፈር ውስጥ ያለው ነገርም ተለወጠ። ዋሴ ወፈረ። ጉንጩ ሞላ፣ ቆዳው እንደ ሕፃን ጠራ፣ ምርኩዙን እሳት ውስጥ ጣለው። ማታ ማታ ከሠራተኛው ጋር ሲጫወት የሚስቀው ሳቅ ፈንታሁንን ያስደነግጠው ጀመር፤ ከጎጆ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው የሟች አባቱ ሳቅ ይመስለዋል። ሰዎቹ ደግሞ ተረተር ላይ ብቻ ይሉት የነበረውን ስም ሰፈርም ይዘውት ወረዱ። «ዋሴ፣ ውሃ አቀብለኝ።» «ዋሴ፣ ዛሬ ፊትህ ገረጣ።» መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፤ ኋላ ደከመው። ከማዶ ተመልሶ ምድጃ ዳር የሚቀመጠው ዋሴ «ፈንታሁን» ሲባል ቀና ብሎ ሲመልስ ቢያይም ቀልድ ነው ብሎ አለፈው።

የራሱ ክንድ መላጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ከእጁ አንጓ ጀምሮ ስስ፣ ደረቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆዳ እየተነሣ ይረግፋል፤ አያምም፤ በነፋስ ግን ይንኮሻኮሻል። አንድ ጠዋት እሾህ ክንዱን ጨረፈው። ደሙን ሊጠርግ ጣቱን ሲያደርስ ጣቱ ላይ የተጣበቀው ነጭ ነበር። ወደ አፍንጫው ማስጠጋት አላስፈለገውም።

«ወባ ነው» አለው ዋሴ። «እኔንም አምና እንዲህ ነበር ያደረገኝ። ሥራህን አትተው፣ ስትተወው ይብሳል።» ይህን ሲል ዓይኑን ወደ እሳቱ አድርጎ ነበር። ከዚያ ስለ ትርንጎ ጠየቀው፤ የምትወደው ምን እንደሆነ፣ ሲከፋት እንዴት እንደሚያባብላት፣ ሠርጋቸው ማግስት ምን እንዳለችው። ፈንታሁን ናፍቆት አንገብግቦት ነበርና ሁሉንም አጫወተው። ስለ ሚስቱ የሚያወራለት ሰው በማግኘቱ ጓደኛውን አመሰገነ።

የመጨረሻው ቀትር እንደ ሌሎቹ ነበር። ጀርባውን ለዛፉ ሰጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ልጣጮቹ ሲንኮሻኮሹ አዳመጠ። ጥሪው አልመጣም። ቆየ። ልጣጮቹም ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከኋላው፣ ከግንዱ ውስጥ፣ ከጆሮው ሥር፣ እናት የተኛ ልጇን እንደምትቀሰቅስ ባለ ለስላሳ ድምፅ፦

«ዋሴ።»

«አቤት» አለ።

ከጀርባው ያለው እንጨት፣ ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆይቶ እንደለቀቀ ሰው ደረት ተነሥቶ ዝቅ አለ። ፈንታሁን ሊነሣ ሞከረ። አልተነሣም። ክንዱን ሊያላቅቅ ቢል ክንዱ ከረጋው ዕጣን ጋር አንድ ሆኗል፤ የት ላይ ቆዳው እንደሚያበቃና የት ላይ ዛፉ እንደሚጀምር አላወቀም። ከሁሉ ያስፈራው ደግሞ ከውስጡ የሆነ ነገር ተወው፣ ዕረፍ፣ እዚህ ይቀዘቅዛል ማለቱ ነው። ትርንጎን አሰበ። እግሩን ከሥሩ ካለው ድንጋይ ጋር አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ በሬ እያጓራ ወደፊት ተፈናጠረ። የተቀደደው ሸሚዙ ብቻ አልነበረም።

በሆዱ ተደፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ አንገቱን አዙሮ አየ። የሸሚዙ ጨርቅና የጀርባው ቆዳ ጎድጓዳው ውስጥ ተለጥፈው ቀርተዋል። ጎድጓዳው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ዝቅ ብሎ የነበረው የግራ በኩል ተሞልቶ፣ ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ሆነዋል። ልክ የፈንታሁን ትከሻ ሆነዋል። ይህን ሲያይ ነው፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ሰው ማን እንደሆነ የገባው። ሲወድቅ አጠገቡ የነበረው እሱ ራሱ ፈንታሁን ነው፤ እስከ ቤቱ ያዘለውም እሱ ነው።

እየተንፏቀቀ ሰፈር ሲደርስ ሠራተኛው ምሳ ላይ ነበር።

«ዋሴ የት አለ?»

 ካቦው «ዋሴማ አንተ ነህ» አለው። «ፈንታሁን ጠዋት አገሩ ገባ። ሚስቱ ልትወልድ ነው።»

ፈንታሁን አንድ ሰው እስኪስቅ ጠበቀ። ሰዎቹ ወደ ገበታቸው አጎነበሱ። ከጎነበሱት አንገቶች ላይ ያነበበው ግራ መጋባት አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። አብረውት የበሉ፣ አብረውት እሳት የሞቁ ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ጀርባውን በሞቀ ውሃና በጨው ያጠቡለት እትዬ እንጉዳይ ናቸው። እያለቀሱ ነበር።

«አምና ዛፉ የሚጠራው ዋሴን ነበር» አሉ። «ያንን ዛፍ ተው ሲባል እምቢ ብሎ ቆረጠው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠራሁህም ብዬህ ነበር እኮ፣ ልጄ።» ጨርቁን ጨመቁ። «ከዚያ በላይ ምን ልበል? የኔም ልጅ እዚሁ ነው የሚሠራው። ዋሴ ምትክ ይዞ ባይመጣ ከኛ ልጆች አንዱን ነበር የሚጠራው።»

ትኩሳቱ ለብዙ ጊዜ አጋደመው። ሰዎቹ አንድም ቀን ብቅ ብለው አላዩትም፤ ጠዋት ጠዋት ግን በጎጆው ደጃፍ ውሃና ቂጣ ተቀምጦ ያገኛል፤ ለመቃብር እንደሚቀመጥ ነገር። ቀትር በደረሰ ቁጥር ከተረተሩ ይጠራል። ጨርቅ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ዝም ይላል። እግሩ መቆም ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ማንንም ሳይሰናበት ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ለመነ። ሾፌሩ አዘነለትና ጆንያዎቹ ላይ አወጣው። ከመውጣቱ በፊት ፊቱን በመኪናው መስታወት ተመለከተ። ከስቷል፣ ገርጥቷል፣ ግን የራሱ ፊት ነበር። በዚያ ተጽናና። አንድ ሰው ፊቱ ካለ ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ አሰበ፤ ትርንጎ ስታየው፣ ገና ከሩቅ በአካሄዱ ታውቀዋለች።

መኪናው ደጋውን ሊወጣ ሲያቃስት ቀትር ሆነ። ጆንያ ላይ አብረውት ከተቀመጡት መንገደኞች አንዲት ሴት አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ አቧራውን አተኩራ አየች።

«ከመሐላችሁ ዋሴ የሚባል አለ?» አለች። «ሰው ከኋላ እየጠራው እኮ ነው።»

ፈንታሁን ፊቱን በጆንያው ቀበረ።

መንደሩ ሲደርስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ ጠላ እየተቀዳ አገኘ። ክርስትና ነበር። ልጁ ተወልዷል። በአጥሩ ተደግፎ ሳለ መጀመሪያ ያየችው የዋሴ እናት ናት። እልል ብላ ሮጣ መጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ልጄ ዋሴ! ልጄ መጣልኝ!»

«እኔ ዋሴ አይደለሁም፣ እማማ። ፈንታሁን ነኝ።»

እሷ ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ከበቡት፤ እጁን ይዘው «ዋሴ፣ እንኳን በደህና ገባህ»፣ «ምነው እንዲህ ከሳህ» ይሉታል። አብሯቸው ያደገ፣ ሰርጋቸውን የበላ፣ ሙታናቸውን የቀበረ ሰው ነው፤ በየተራ ዓይናቸውን እያየ ስሙን ነገራቸው። ጮኸ። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ቆጠረ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው «የቆላ ወባ ነው፣ አእምሮ ይነሳል» አሉ። ወስደው ከዳሱ ውጭ ጥላ ሥር አስቀመጡት።

ዋሴ ሕፃኑን ታቅፎ ከቤት ወጣ። የፈንታሁንን ጋቢ ለብሷል። ፊቱ የዋሴ ፊት ነበር፣ ትከሻው የዋሴ ትከሻ፤ ይህን የሚያይ ግን ከፈንታሁን በቀር ማንም አልነበረም።

«ወንድሜ» አለው። ድምፁ የፈንታሁን ድምፅ ነበር። «አይዞህ። እናትህ ጋ ገብተህ ዕረፍ።»

«ምን አደረግሁህ?» አለ ፈንታሁን። «ክረምቱን ሙሉ ያስታመምኩህ እኔ አይደለሁም?»

  ዋሴ ዓይኑን ከእሱ አሽሽቶ ሕፃኑን ወደ ደረቱ አጥብቆ ጀርባውን ሰጠውና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ትርንጎ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ በአራስነቷ አምሮባት ነበር። አጠገቡ ተንበርክካ ጣሳውን ስታቀብለው እጇን ያዘው።

«ሰው ሁሉ ቢስተኝ አንቺ አትስቺኝም» አላት። «ጡትሽ ሥር ማርያም የሳመችሽን ምልክት የማውቀው እኔ ነኝ። ሴት ከወለድን በእናቴ ስም እንጠራታለን፣ ወንድ ከሆነ ግን አንተ ታወጣለህ ያልሽው ለእኔ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሱም አልነገርኩትም። እዪኝ፣ ትርንጎ። እዪኝ።»

አየችው። ዓይኗ በእንባ ሞላ፣ ግን ከፊቱ ላይ አልነቀለችውም፤ ግንባሩን፣ አገጩን፣ የሚረግፈውን የጉንጩን ቆዳ፣ ሁሉንም ቀስ ብላ አየችው። ፈንታሁን በደስታ እጇን ጭምቅ አደረገ። ከዳሱ ሳቅና እልልታ ይሰማል። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ጥላው ተሰብስቦ ከእግራቸው ሥር ገብቷል። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ስንቅ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ፈንቴ» አለችው፣ ከእሱ ሌላ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ዋሴ የነገረኝ ዛፍ እየጠራህ እኮ ነው፤ ልጃችንን ሳይጠራብኝ ሂድልኝ።»